ከቤት እስከ ሥራ ስንት ሰዓት ይበቃል? ለአዲስ አበባ ሠራተኛ የንጽጽር መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይጠይቃል፤ የመንገዱ ነገር የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው። መልሱ ደግሞ የትም ሰፈር ያው ነው፦ «ከአስፋልት አምስት ደቂቃ፣ ታክሲ እንደ ልብ!» ደላላው አልዋሸ ይሆናል። ግን የለካው እሁድ ረፋድ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዚያው ቤት ተነሥቶ ሜክሲኮ ወይም አራት ኪሎ መድረስ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሁለት ቤቶች ወይም ከሁለት ሥራዎች አንዱን ለመምረጥ የሚያመነታ ሰው በመንገዱ ርዝመት ላይ የራሱን ወሰን አስቀድሞ ማበጀት አለበት፤ አለበለዚያ ወሰኑን ኪራዩ ያበጅለታል። የእኔን አቋም ልናገር፦ ከቤት በር እስከ ቢሮ በር፣ ለአንድ ጉዞ እስከ 45 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ የታደለ ሰው ርካሽ ቤት አገኘሁ ብሎ አይልቀቀው። እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ያለው ይቻላል። ከዚያ በላይ የሆነው በቂ ምክንያትና ቀነ ገደብ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ሰዓት የደረሰው ደግሞ ከቤቱ ወይም ከሥራው አንዱን መቀየር የሚጠይቅ ነው።

በክፉ ቀን ይለኩ

ኪሎ ሜትር በዚህ ከተማ ብዙ አይናገርም። እኩል አሥር ኪሎ ሜትር የሚርቁ ሁለት ሰፈሮች ቢኖሩ፣ አንዱ በአንድ ታክሲ ሰተት አድርጎ ሲያስገባ ሌላው ሦስት ቦታ ያሰልፋል። ስለዚህ ጊዜውን ከፋፍሎ መቁጠር ይሻላል፦ ከቤት እስከ ታክሲ ተራ ያለው የእግር መንገድ፣ ሰልፉ፣ ጉዞው፣ መቀየሪያው ላይ እንደገና ሰልፍ፣ ሁለተኛው ጉዞ፣ በመጨረሻም እስከ ቢሮ ያለው የእግር መንገድ። «አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቆጠረው መኪናው የሚንቀሳቀስበትን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰልፉን የናቀ ሰው መገናኛ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆሞ ይየው። ለአያት፣ ለየካ አባዶ፣ ለገርጂ የተሰለፈው ሰው አንዱ ሰልፍ ከሌላው እየተጠላለፈ የእግረኛውን መንገድ ይሞላዋል። አዲስ መጤው «ይሄ የየት ሰልፍ ነው?» እያለ ከጫፍ ጫፍ ይጠይቃል። ተራ አስከባሪው አሥራ ሁለት ሰው ቆጥሮ ያስገባና የቀረውን በእጁ ይገታል። ዝናብ ሲጥል ሰልፉ ወደ ሱቆቹ ጥግ ይበተናል፤ ታክሲው ብቅ ሲል ማን ከማን ፊት እንደነበረ መዳኘት የለም፣ ጉልበት ያለው ይገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ረዳቱ መስመሩን ቆርጦ እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ እንደሚጭን ያስታውቃል። የቀረውን ግማሽ ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት መቀያየሪያው የበዛ መንገድ በደቂቃ ቢያጥርም አልመርጠውም። አንድ ጊዜ ተሳፍሮ ሰባ ደቂቃ መቀመጥ፣ ሦስት ጊዜ ተሰልፎ ሃምሳ ደቂቃ ከመጓዝ ይሻላል።

ሌላው መለኪያ ክፉ ቀን ነው። ከአምስቱ የሥራ ቀናት አንዱ ይበላሻል ብሎ ማሰብ ማጋነን አይሆንም፦ ዝናብ አለ፣ የመኪና ግጭት አለ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚዘጋ መንገድ አለ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን በሜክሲኮና በቦሌ በኩል የሚመላለስ ሰው ይህን ያውቀዋል። የመሥሪያ ቤቱ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ አማካይ ጊዜን አያውቅም፤ ጠዋት የሚወጡበትን ሰዓት የሚወስነው ክፉው ቀን ነው። ደህናው ቀን አንድ ሰዓት፣ ክፉው ቀን ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ለእኔ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

ቤት በነሐሴ የሚያይ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ መንገዱ ቀለል ብሎ ያታልላል። መስከረም ላይ የተማሪ ማመላለሻዎቹና ልጅ አድራሽ ወላጆች ሲመለሱ ያው መንገድ ይረዝማል።

አንድ ሰዓት ከሩብ ከየት መጣ?

ከፀሐይዋ መጣ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7:30 እስከ 11:30 ይሠራል፤ ዓርብ ጠዋት ላይ አንድ ሰዓት ይቀነስና ሳምንቱ 39 ሰዓት ይሞላል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቅበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፦ በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ፣ በሐምሌ 12:50 ገደማ ነው። በ11:30 ወጥቶ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚጓዝ ሰው 12:45 ላይ ቤቱ ይደርሳል፤ ቢያንስ በክረምቱ ወራት ገና ዓይን ለዓይን ሲተያይ። ከዚያ በላይ የሚጓዝ ሰው ግን ከሥራ ሲመለስ ሰፈሩን በብርሃን የሚያይበት ወር የለም። የመንገድ መብራት ባልተዘረጋበት፣ ግንባታው ባላለቀ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ ከታክሲ መውረጃው እስከ ብሎኩ ያለውን መንገድ በጨለማ፣ በውሻ ጩኸት መካከል መሄድ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል።

ጣሊያናዊው የፊዚክስ ባለሙያ ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ለዕለታዊ መመላለስ የሚያውለው ጊዜ በየዘመኑና በየአገሩ በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ እንደሆነ ጽፏል። መጓጓዣው ሲፈጥን ሰው ርቆ ይሰፍራል እንጂ ቀድሞ ቤቱ አይገባም። በዚህ ልኬት ሂያጁ ግማሽ ሰዓት፣ ተመላሹ ግማሽ ሰዓት ነው። ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሠራተኛ ይህ ቅንጦት ስለሆነ እኔ ያስቀመጥኩት ወሰን ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍራይ የተባሉ የስዊዘርላንድ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ደግሞ የጀርመን ቤተሰቦችን መረጃ መርምረው፣ መንገዳቸው የረዘመ ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል፤ የተሻለው ደመወዝም ሆነ የተሻለው ቤት ጉድለቱን አልሞላውም። እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሰው ቤት ሲመርጥ ሳሎኑን ያያል፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ይነካል፤ መንገዱን ግን ማንም አያስጎበኘውም።

ሰዓቱን በወር መቁጠር ዓይን ይገልጣል። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ፣ ለአንድ ጉዞ 45 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ በወር 33 ሰዓት ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጀው 55 ሰዓት፤ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚፈጀው 77 ሰዓት። የመጨረሻው ቁጥር የሁለት ሳምንት የመንግሥት ሥራ ሰዓት ያህል ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ቅዳሜንም ይጨምርበት።

ዳር ያለ የራስ ቤት ወይስ መሀል ያለ ኪራይ?

በከተማችን ከሁሉ የከበደው ምርጫ ይህ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ከተማው ዳር፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በየካ አባዶ ቤት ያገኘ ሰው ሥራው አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ ከሆነ፣ ሦስት በር አለው፦ እዚያው ገብቶ መመላለስ፣ ቤቱን አከራይቶ መሀል ከተማ መከራየት፣ ወይም ሥራውን ወደ ቤቱ ማቅረብ።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን በር ሳያንኳኳ ያልፈዋል። «የራሴ ቤት እያለኝ እንዴት የሰው ግቢ እገባለሁ?» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል፤ አከራይ «እንግዳ በዛ፣ ውኃ አባከናችሁ» እያለ ሲነዘንዝ ለዓመታት የኖረ ሰው የራሱን ቁልፍ ሲይዝ የሚሰማውን እፎይታ በሰዓት መተመን ያስቸግራል። ቢሆንም ሒሳቡን ወረቀት ላይ አስፍሮ ማየት ምንም አይጎዳም።

ለምሳሌ ያህል፣ ዳር ያለውን ቤት አከራይተው መሀል ከተማ ሲከራዩ በወር 4,000 ብር ከኪስ የሚጨምሩ ቢሆንና መንገዱ ከአንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ወደ 45 ደቂቃ ቢያጥር፣ በወር 44 ሰዓት ያተርፋሉ። አንዱን ሰዓት በ91 ብር ገዙት ማለት ነው። ደመወዝዎ 15,000 ብር ከሆነና በወር 170 ሰዓት ገደማ የሚሠሩ ከሆነ የሥራ ሰዓትዎ ዋጋ 88 ብር ነው። የትራንስፖርት ምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የመንገድ ሰዓትን ብዙ ጊዜ በደመወዝ ሰዓት ግማሽ ገደማ ይተምኑታል። በዚህ ስሌት 44 ሰዓቱ የሚያወጣው ወደ 1,900 ብር ብቻ ነው፤ የቀረልዎትን የታክሲ ሒሳብ ቢደምሩበትም 4,000 ላይደርስ ይችላል። አልሸሽግም፤ በገንዘብ ብቻ ከተሰላ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ሩቁ ቤት ነው።

ፍርዱን የሚገለብጠው የተረፈው ሰዓት ምን ላይ እንደሚውል ነው። የማታ ትምህርት የጀመረ፣ ከሥራ በኋላ የሚያስጠና ወይም ሌላ ገቢ ያለው፣ ማታ የምትጠብቀው ሕፃን ያለችው ሰው መሀል ይግባ፤ የከፈለው ብር በሌላ መንገድ ይመለስለታል። ሰዓቱ ቢተርፈው ቴሌቪዥን ፊት የሚያሳልፈው ሰው ደግሞ በራሱ ቤት ይኑር፣ ብሩንም ለባንክ ብድሩ ያውል። የኮንዶሚኒየም ቤት ባለዕጣው ከተረከበ በኋላ ለአምስት ዓመት መሸጥ ስለማይፈቀድለት፣ ከሩቁ ቤት ጋር የሚኖረው ቁርኝት በአንድ ዓመት የሚያልቅ አይደለም፤ ሰፈሩ ግን በእነዚያ ዓመታት አስፋልት፣ ትምህርት ቤትና የአውቶቡስ መስመር ሊያገኝ ይችላል።

ሦስተኛው በር የማይታሰበው ሥራ ሁሉ መሀል ከተማ ነው ከሚል አሮጌ እሳቤ የተነሣ ነው። የቃሊቲና የአቃቂ ፋብሪካዎች፣ የቂሊንጦና የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ ዱከም ያለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሁሉ ከተማው ዳር ወይም ከዳር ወዲያ ናቸው። ኮዬ ፈጬ ሆኖ ቃሊቲ የሚሠራ ሰው መንገዱ አጭር ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ሕዝቡ ወደ መሀል ሲጎርፍ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ከሁሉም የታደለ ነው፤ መኪናው ወንበር አለው፣ መንገዱም ክፍት ነው። እኩል ደመወዝ ካላቸው ሁለት ሥራዎች አንዱ በዚህ አቅጣጫ ከሆነ ሳላመነታ እርሱን እመርጣለሁ።

ሌሎቹ አማራጮች

መሀል ከተማ፣ ከግቢ ኋላ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ለላጤ ሠራተኛ ለረጅም ዘመን ጥሩ መፍትሔ ነበረች። አሁን ግን አቅርቦቷ ተመናምኗል። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ለኮሪደርና ለመልሶ ልማት ሲፈርሱ እንደዚህ ያሉ ክፍሎች የነበሩባቸው ግቢዎችም አብረው ሄደዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ዳር ሰፈሮች ተዛውረዋል። እንዲህ ያለ ክፍል የሚከራይ ሰው አካባቢው በልማት ዕቅድ ውስጥ ይኑር አይኑር ወረዳው ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ሳሪስ፣ ገርጂ፣ አየር ጤና፣ ለቡ በመሳሰሉት መካከለኛ ሰፈሮች ያለው ምርጫ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ወደ ሥራዎ በአንድ ታክሲ የሚያደርስ መስመር ላይ ያለ አሮጌ ቤት፣ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ካለ አዲስ ቤት ይበልጣል።

ቢሾፍቱ የሚያማልላቸው ሰዎች አሉ፤ አየሩ ሞቅ ያለ፣ ሐይቁ ቅርብ፣ ከተማውም ረጋ ያለ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም አለ። ችግሩ የፍጥነት መንገዱ የሚያልቀው ቱሉ ዲምቱ ላይ መሆኑ ነው። እስከዚያ ያለው መንገድ የሚያስፈራ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ እስከ መሀል ከተማ ያለው ግን ከቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ጋር እኩል የሚጋሩት ነው። ስለዚህ ቢሾፍቱ አቃቂ ወይም ዱከም ለሚሠራ ሰው ያዋጣል፤ አራት ኪሎ ለሚሠራ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ የሚገባ ካልሆነ አልመክርም።

ደባልነትም መዘንጋት የለበትም። ከሰኞ እስከ ዓርብ መሀል ከተማ ከጓደኛ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ አድሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ወደ ቤተሰብ መመለስ ለአንድ ዓመት ወይም ለአንድ ፕሮጀክት ጥሩ ነው። ልጅ ላለው ሰው ሲረዝም ግን ዋጋው ከመንገዱም ይብሳል።

የሚሄዱበት መጓጓዣ ርቀቱን ይለውጠዋል

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ የሚሽር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሠራተኛ ማመላለሻ መኪና፣ ማለትም ሰርቪስ ነው። መሥሪያ ቤቱ የራሱ ሰርቪስ ያለው ሰው፣ ወይም የመንግሥት ሠራተኞችን ጠዋትና ማታ በነጻ የሚያመላልሰው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ከሰፈሩ የሚነሣለት ሰው የተረጋገጠ ወንበርና የታወቀ ሰዓት አለው። መተኛት፣ ማንበብ፣ ጸሎት ማድረስ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው የአንድ ሰዓት ከሩቡን ወሰን እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ብዘረጋው አይከፋኝም። እንከኑ ሰርቪሱ ማንንም አለመጠበቁ ነው፤ ማታ ለአሥር ደቂቃ ስብሰባ የቀረ ሰው ወደ መገናኛው ሰልፍ ይመለሳል። ስለዚህ ሥራዎ በሰዓቱ የሚያስወጣ መሆኑን አስቀድመው ይመዝኑ።

ቀላል ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍኑ ሁለት መስመሮች ነበሩት። ሐዲዱ የራሱ ስለሆነ የመኪናው መጨናነቅ አይነካውም፤ በመለዋወጫ እጥረት የባቡሮቹ ቁጥር ማነሱ ግን መጠበቁንና መታፈጉን አብዝቶታል። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ከሁለት ቤት አንዱ ለጣቢያ ቅርብ ከሆነ እርሱን መምረጥ ይገባል፤ ባቡሩ ባይመጣ እንኳ መስመሩ የሚያልፈው በዋናው መንገድ ላይ ስለሆነ ታክሲ አይጠፋም።

የቤት መኪና ሰልፉን ያስቀራል እንጂ መጨናነቁን አያስቀርም። ነዳጁና የማቆሚያው ፍለጋ ሲደመር፣ በሰርቪስ ተኝቶ የሚመጣው ጎረቤት ከባለመኪናው ይልቅ ትኩስ ሆኖ ቢሮ ይገባል። በራይድ ወይም በፈረስ፣ በስልክ በሚጠሩት ታክሲዎች፣ በየቀኑ መመላለስን ለማስላት ወረቀትም አያስፈልግም፤ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ እንጂ የዘወትር መጓጓዣ አይሆንም።

ልጅና የትዳር ጓደኛ ሲኖር

ባልና ሚስት ሥራቸው በተለያየ አቅጣጫ ሲሆን ብዙዎች መሀል ለመሀል ያለ ሰፈር ይፈልጋሉ። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱንም እኩል የሚያደክም ሰፈር ሆኖ ያርፋል። ከዚያ ይልቅ ቤቱ ለልጆቹ ትምህርት ቤትና ማታ ቤቱን ለሚከፍተው ሰው ይቅረብ፤ ሌላው ይራቅ። በእኛ አገር ማታ ቤቱን የምትከፍተው፣ እራቱን የምታዘጋጀው፣ ደብተሩን የምታየው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዞ ሶፋ ላይ የሚያርፍ ባልና ያንኑ ያህል ተጉዛ በቀጥታ ማድ ቤት የምትገባ ሚስት በሰዓት እኩል ቢሆኑም በድካም እኩል አይደሉም። ይህን ባሎች በተለይ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የተሻለ ደመወዝ ያለው ሩቅ ሥራ ሲመጣም ያው ስሌት ይሠራል። ጭማሪውን በሚጨምረው የመንገድ ሰዓት ያካፍሉት፤ ውጤቱ አሁን ከሚከፈልዎት የሰዓት ክፍያ ግማሽ ካነሰ፣ ሥራው ራሱ እስካልሳበዎት ድረስ ጭማሪው ጭማሪ አይደለም።

ውል ከመፈረም በፊት

በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ተከራይን የሚጠብቅ ሕግ ነው፤ ግን «ካልተስማማኝ በሁለተኛው ወር እለቃለሁ» ብሎ በግምት ቤት መያዝንም እንደ ድሮው ቀላል አያደርገውም።

ስለዚህ አንድ ቀን ፈቃድ ወስደው፣ ወይም ዘመድ ቤት አድረው፣ ሰኞ ጠዋት ከዚያ ቤት በር ተነሥተው ቢሮዎ ድረስ ይሂዱ፤ ማታም በ11:30 ወጥተው ወደዚያው ይመለሱ። ይህ የማይመች ከሆነ ግቢው ውስጥ ያሉ ተከራዮችን ያነጋግሩ። «መንገዱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብለው ከጠየቋቸው የደላላውን መልስ ነው የሚሰጡዎት። ጠዋት ስንት ሰዓት ከቤት እንደሚወጡ ይጠይቋቸው፤ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚገቡ ደግሞ ከልጆቻቸው ይስሙ።